ከታች አራት፣ ከላይ ስምንት

ወርቁ ደምሌ ዕድሜውን የገፋው ሌላ ሰው የጻፈውን አሳምሮ በመቅዳት ነው፤ መጀመሪያ በብራና፣ ኋላ በወረቀት። የእጁን ጽሕፈት ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ያደንቅ ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ከእጁ ነው።

የተወለደው ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የገብስ አገር ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው አባቱ ቁም ጽሕፈት እንዲማር ለየኔታ ወልደ ገብርኤል ሰጡት። የኔታ ጥብቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወርቁ ሲቀዳ የተሳሳተ የመሰለው ቃል አጋጠመውና ማንንም ሳይጠይቅ አቃንቶ ጻፈው። የኔታ አልተቆጡም፤ መፋቂያውን ሰጡትና ብራናውን ከላይ እስከ ታች አስፋቁት። ሦስት ቀን ፈጀበት።

"አንተ እጅ ነህ፤ የሚያርም ሌላ ነው። እጅ ሆኖ ዳኛ ልሁን የሚል መጽሐፍ ያጠፋል" አሉት።

ለመጽሐፍ ሥራ ይህ ደግ ሥርዓት ነው። እንዲህ ባይሆን ስንቱ መጽሐፍ በየጸሐፊው ፈቃድ ተለዋውጦ በቀረ! ችግሩ ወርቁ ይህንኑ ሥርዓት እንዳለ ተሸክሞ አዲስ አበባ መግባቱ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓ.ም. ዘበኛ የነበረ አንድ የአገሩ ልጅ "ይህ እጅህማ እንጀራ ይወጣዋል" ብሎ የረጃጅም ሕንፃዎችን መዋቅር የሚነድፍ ድርጅት ውስጥ አስቀጠረው። መሐንዲሶቹ እያንዳንዱ ፎቅ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ በኮለኑ፣ ማለት በምሰሶው፣ ውስጥ ስንት ፌሮ ብረት እንደሚገባ አስልተው በእርሳስ ይጭራሉ፤ እሱ ያንን ጭረት በቀለም አሳምሮ ይቀዳል። ስምንት ፎቅ ቀዳ፣ አሥር ፎቅ ቀዳ፣ አሥራ ሁለት ፎቅ ቀዳ። ሲቀዳ ሲቀዳ ሥራው ገባው። ከታች ያለ ኮለን የላዩን ሁሉ ስለሚሸከም ብረቱ እንደሚበዛ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ እንደሚሄድ ማንም ሳያስተምረው አወቀ። ማወቁን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ማን ጠየቀው?

ደርግ መጣና ድርጅቱ ተወረሰ። ከመሐንዲሶቹ ገሚሱ አገር ጥሎ ሄደ፣ ገሚሱ ታሰረ፣ የት ደረሱ ተብሎ የማይጠየቅላቸውም ነበሩ። የአምስት ሰው ሥራ ኢንጂነር ሞላልኝ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቅን ሰው ነበሩ፤ ግን ድካሙ ጎድቷቸው እርሳስ እንደያዙ ያንቀላፉ ነበር።

በሰባ አምስት ዓ.ም. በአገሩ በጋይንት ላለችው ለአርብ ገበያ ባለ አራት ደርብ የመንግሥት ሕንፃ እንዲነደፍ ትእዛዝ ወረደ። ወርቁ ይህን ሲሰማ መሬት አልበቃ አለው። በዚያ አገር ከዛፍ በቀር ቀና ብለው የሚያዩት ነገር አልነበረም። ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ ሥራውን ተቀበለ።

የመጣለት ወረቀት ላይ የኮለኖቹ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ነበር። ለምድር ቤቱ አራት ፌሮ፣ ለመጨረሻው ደርብ ስምንት ይላል። በእንቅልፍ ልብ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። ወርቁ አየው። ብዕሩን እንዳነሣ ቆየ። ኢንጂነር ሞላልኝ ያሉት ከፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ ነው፤ አራት እርምጃ አይሞላም። "ጋሼ፣ ይቺን ነገር ቢያዩልኝ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላለም! እጅ ነኝ፣ የሚያርም ሌላ ነው አለ በልቡ። ከታች አራት፣ ከላይ ስምንት አድርጎ ቁልጭ ባለ ጽሕፈት ቀዳው። ኢንጂነሩም "ወርቁ የቀዳውን ደግሞ ምን አያለሁ" ብለው ሳያገላብጡ ፈረሙበት። በወሩ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተላኩ፤ በዚያው ቀሩ።

ወርቁ ዓመት ሙሉ ያንን ሰንጠረዥ ሲያስብ ከረመ። በሰኔ ሰባ ስድስት የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ወደ አገሩ ወረደ። ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ስለነበር ገብሱ ከጉልበት አላለፈም፤ ሰዉም ከስቷል። አርብ ገበያ ሲደርስ ሕንፃው ሦስተኛው ደርብ ላይ ደርሷል። ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ሽቅብ ያያል።

የእኅቱ የጌጤ ባል ዓባይ እዚያው ፌሮ አሳሪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ የሚከፈለው በስንዴ ነው፤ ልጆቹንም ያኖረው ያ ስንዴ ነው። ወርቁን ሲያይ ከመሰላል ዘሎ ወርዶ አቀፈው።

"እዩት! ይህን ቤት የነደፈው እሱ ነው!" እያለ ለጓደኞቹ ጮኸ።

ወርቁ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን እጅ ቀስ ብሎ አላቀቀና "ከታች ባሉት ኮለኖች ስንት ፌሮ አስገባችሁ?" አለው።

"አራት ነዋ! ፕላኑ እንደሚለው።" ዓባይ ሳቀ። "ፎርማኑ እኮ አስቸግሮን ነበር። በሠላሳ ዓመቴ ከላይ የሚወፍር ቤት አላየሁም፣ ትርፍ ብረት አለ፣ ከታች እንጨምርበት ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ነኝ አይሆንም ያልሁ። ይህ የወንድሜ እጅ ነው፤ ወርቁ ደምሌ ተሳስቶ አያውቅም ብዬ ተሟገትሁ። በኋላ እሱም አፈረና ተወው።"

ወርቁ ጠጋ ብሎ አንዱን ኮለን ዳሰሰው፤ ከላይ ወደ ታች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወርዳበታለች። "ከሥሩ አትቁም ዓባይ" አለው። ዓባይ ቀልድ መሰለው። "አንተ ከነደፍኸው ቤት ሥር ልፍራ?" ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ መሰላሉ ተመለሰ። እንዲህ ያለ እምነት ሰውን ያሳብዳል።

ወርቁ በማግስቱ የሕንፃ ሥራ ኮሚቴው ሊቀመንበር ዘንድ ሄደ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሕንፃው ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት፣ እንዲደርስ ከላይ ታዘዋል። ወርቁ የሰንጠረዡን መገለባበጥ አስረዳቸው። በጥሞና ሰሙት።

"ሥራ ሳቆም ምክንያት እጠየቃለሁ" አሉት። "መሐንዲሱ ፈርመዋል፤ እሳቸው ደግሞ የሉም። ያለኸው አንተ ነህ። ፕላኑን ስትቀዳ ስሕተቱን አይተኸው ነበር?"

ወርቁ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሊቀመንበሩ ቀጠሉ።

"ተረዳኝ፣ ጓድ ወርቁ። አይቼው ዝም አልሁ ካልህ ዛሬውኑ ሥራውን አቆማለሁ፤ አንተን ግን ለአሻጥር አሳልፌ መስጠቴ ነው። የዚያን መጨረሻ ታውቀዋለህ። አላየሁም ካልህ ደግሞ ስትቀዳው ያልታየህ እንዴት ዛሬ ታየህ ይሉኛል፤ ሥራውም ይቀጥላል። የትኛውን ልጻፍ?"

ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁት። በመስኮቱ በኩል የሠራተኞቹ ድምፅ ይሰማል፤ የዓባይን ሳቅ ለይቶ ሰማው። በመሥሪያ ቤቱ የተወሰዱትን፣ ካፖርታቸው መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ የቀሩትን ሰዎች አሰበ።

"አላየሁም ጓድ ሊቀመንበር" አለ።

ጻፉት፤ አስፈረሙት። ፊርማውም እንደ ሌላው ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። በነጋታው ጌጤ የቋጠረችለትን ቆሎ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ፈሪ ነው ማለት ይቀላል። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ግን ይህን ቃል ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ያስባል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የመጨረሻው ደርብ ሶሌታ፣ ማለት ወለሉ፣ አርማታ ሲሞላ የምድር ቤቱ ኮለኖች እጥፍ አሉ። ዓባይና ሁለት ሰዎች ከሥር ድጋፍ እንጨት እያቆሙ ነበር፤ ሦስቱም ሞቱ። ዓባይን ከፍርስራሹ አውጥቶ ለመቅበር ሁለት ቀን ፈጀ። ወርቁ የመርዶ ደብዳቤ ደርሶት ሲመጣ አርባው ሊወጣ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ውጭ አገር በቀሩት መሐንዲስ ላይ ተጽፏል፤ እሳቸውን የሚጠይቅ የለም፣ የሚመልሱም አይደሉም።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። ወርቁ ሲገባ ከዳር የተቀመጡት ተንሾካሾኩ፤ ከሟቾቹ የአንዱ አባት የሆኑ ሽማግሌም ዓይናቸውን ተክለውበት "ይህ አይደለም እንዴ ፕላኑን የጻፈው?" አሉ።

ማቅ የለበሰችው ጌጤ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"አባቴ፣ ይተዉት" አለች። "ወንድሜን መንግሥት ጠይቆታል። አላየሁም ብሎ ፈርሟል። አይቶ ቢሆን የልጆቼን አባት ከዚያ ሥር ትቶ የሚሄድ ይመስልዎታል? ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ!"

ሽማግሌው አፈሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ያን ጊዜ ወርቁ መናገር ይችል ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ፤ ጌጤም አብራ እያለቀሰች አባበለችው።

ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። የዓባይን መሬት ያርሳል፣ የዓባይን ልጆች ያሳድጋል። የየኔታ ደቀ መዛሙርት አንድ ዳዊት እንዲጽፍላቸው ቢለምኑት እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ መለሳቸው፤ አይንቀጠቀጥም ነበር። አገሬው እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል እያለ ያወራለታል። ማታ ከእርሻ ሲገባ ጌጤ ውኃ ይዛ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ባስታጠበችው ቁጥርም "እድሜ ይስጥልኝ ወንድም ዓለም፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ትለዋለች።

እሱም እጁን እንደዘረጋ "አሜን" ይላል።