የቀሐዋ አማላጅ

ዘመኑ ፲፱፻፶፬ ዓመተ ምሕረት ነበር። ወይስ ፶፭? እርግጠኛ አይደለሁም። ወይዘሪት የዓለምወርቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀሐ ሰፈራችን የገባችው ከጥምቀት በኋላ መሆኑን ግን አልስተውም። አዲስ አበባ ተምራ የመጣች የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ነበረች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ የሰማ አልነበረም። ድሀን ማኅበርተኛ ይረዳዋል፤ የታመመን ጎረቤትና የነፍስ አባት ይጠይቁታል፤ በቃ።

ሥራዋን ስታስረዳቸው የሰፈሩ ነፍስ አባት ቄስ ሐብተ ማርያም ግራ ገባቸው።

«ሰው ቤት ገብተሽ ‹እንደምን ሰነበታችሁ› ስላልሽ ደመወዝ ይሰጡሻል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምነው ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ዘመን በነጻ ስንጠይቅ ኖርን!»

ቤት ለቤት እየዞረች ማን ከማን እንደተወለደ፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ የታመመ መኖሩን ትጠይቅ ጀመር። በእኛ አገር እንዲህ አጥንት የሚቆጥር አማላጅ ብቻ ነው። «አንድ ባለጸጋ ሚስት ሊያስመርጥ ልኳታል» ተባለ። ልጃገረዶች ሁሉ ሹሩባ ተሠርተው ተቀመጡ፤ በሽተኛ የሚባል ከሰፈሩ ጠፋ።

ጎረቤታችን እትዬ እናኑም ትልቋን ልጃቸውን፣ ባንቺአየሁን፣ ጥልፍ ቀሚስ አልብሰው አቀረቡ። ጉልበቷ መግል ይዞ መራመድ ያቃታትን ትንሿን፣ አበቡን፣ ጓዳ ደበቋት። የበሽተኛ እህት ማን ያገባል? የሆነውን እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ አይታለች፤ ስታወራው አይሰለቻትም።

ከጓዳ ማቃሰት ተሰማ።

«ማን ነው?» አለች የዓለምወርቅ።

«በግ ናት።»

«በጓ ‹እማዬ› ትላለች እንዴ?»

እትዬ እናኑ አቀረቀሩ። የዓለምወርቅ ነገሩ ገባት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «የላከኝ ሰውዬ እኮ ጤነኛ አይሻም፤ የታመመችዋን ነው የሚፈልግ» አለች።

«ኧረ! ምን ዓይነቱ ሙሽራ ነው?»

«ሐኪም ነው።»

እትዬ እናኑ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ እንባቸው መጣ። «እግሯን ቢቆርጧትስ?»

«የሚቆርጧትማ እዚህ ከቆየች ነው።»

አበቡን በዚያው ቀን ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳት። ብዙ ተኝታ፣ ትንሽ እያነከሰች ተመለሰች።

አበቡ ስትዳር እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። እትዬ እናኑ የዓለምወርቅን ከሽማግሎች ተርታ አስቀምጠው፣ «አማላጇ እሷ ናት! የሚከፋው ካለ ይውጣ!» አሉ። ሙሽራይቱ ማንም ሳይደግፋት በእግሯ ወጥታ በቅሎዋ ላይ ተቀመጠች።

የዓለምወርቅ አጠገብ ተቀምጬ ልጠይቃት የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ የሰውን ደጅ ሁሉ ያንኳኳች ሴት፣ የእሷንስ ያንኳኳ ሰው ነበር? እንዳይከፋት አነጋገሬን ሳሳምር፣ ወደ አዲሱ የሥራ ቦታዋ፣ ወደ ድብ ባሕር የሚወስዳት ማኪና ጡሩንባውን ነፋ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሽማግሎቹን እጅ ነሥታ ወጣች።