በሽቦ አጥር የላክሁት ምርቃት

ክፍሉ ከጣሪያ እስከ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። የጋምቤላን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያስፈልግም። ፖሊሱ ከኋላ ገፋ አድርጎ አስገባኝና በሩን ዘጋው። መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ግራና ቀኝ የተዘረጋ እግር፣ የማን የማን እንደሆነ የማይለይ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ና፣ እዚህ» አለኝ።

የታሰርኩት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ እርሻ መሬታችን በመናገሬ ነው። በተናገርኩት ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸትበት ሌላ ነው።

ምግብ የምታመጣልኝ ትልቋ ልጄ ነበረች። ጠባቂው ስሜን ይጠራል፣ ሳህኑ ይገባል። የፈለገ እስረኛ ወጥቶ ቤተሰቡን በሽቦ አጥሩ ትንሽ ማነጋገር ይችላል። እኔ አልወጣም። በልቼ ባዶውን እመልሳለሁ። ለሽማግሌው የሚያመጣለት ሰው ስላልነበረ አብረን ነበር የምንበላው።

«ልጅህ ፀሐይ ላይ ቆማለች» አለኝ በሦስተኛው ቀን።

«ትቁም።»

«ምን አደረገችህ?»

ነገርኩት። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ የሚኖር፣ እዚያው በአስተርጓሚነት የሚሠራ የኑዌር ልጅ ልታገባ ነው። በእምነቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ መዘምራን ውስጥ ያገለግላል። እኔ ግን ስደተኛ ለልጄ አይሆንም አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ፣ ልጅ ሆኜ ከወሎ በሰፈራ መኪና ተጭኜ እዚህ የተራገፍኩ ሰው ነኝ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ሦስት እሁድ ለምእመኑ ይነገራል። አባት ከተቃወመ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ያዘገዩታል፤ ሁለቱን ወገን አነጋግረው እስኪያስማሙ። እኔም ከመታሰሬ በፊት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄው ራሷ ናት። ጎልማሳ ሆኜ፣ በእሷ ደብተር፣ እጄን በእጇ ይዛ። ከስሜ አልፌ ለሰው የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር «እኔ አባቷ አልፈቀድኩም» የሚል ሆነ።

ሽማግሌው ሳቀ። «ጎበዝ ተማሪ ነህ።»

«አባት የቤቱ ራስ ነው» አልኩት። ከመድረክ ስንት ጊዜ የሰማሁት ነው።

«ነው። እኔም ኢታንግ በወንጌላዊነት ሳገለግል ይህንኑ አስተምሬያለሁ። ግን ልጅህ ስትጸልይ እግዚአብሔርን ምን ብላ ትጠራለች?»

«አባት ብላ።»

«አንተን እያየች?»

ስሸነፍ እሳደባለሁ። «ኑዌር ስለሆንክ ለወገንህ እየተሟገትክ ነው» አልኩት። አልተቆጣም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በዚያ ሙቀት ምንም አይቀዘቅዝም።

እያየኝ ሳይሆን በሩን እያየ፣ «እኔ ልጄን የእግዚአብሔርን ቃል ይዤ ነው ከቤት ያስወጣሁት» አለ። «የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። አሁን ከድንበሩ ወዲያ ነው ይላሉ። በሕይወት ካለ ማለቴ ነው።»

ይህንን ሰምቼ እንኳ አንድ ሳምንት አልወጣሁም። እልኸኛ ነኝ። ነገ እወጣለሁ እያልኩ፣ ነገ ሲመጣ እልሁም አብሮ ይመጣል። ሳምንቱ ባለቀ ማግስት ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ከሽቦው ወዲያ የቆመችው ሚስቴ ነበረች።

«ልጅቷስ?»

«እሁድ ተጋቡ።»

«ደብዳቤዬስ?»

«ሽማግሌዎቹ አባትሽን አነጋግሪና ቃሉን አምጪ ብለዋት ነበር። በየቀኑ ስትመላለስ የከረመችው ለዚያ ነው። አንተ ፊት ነሳሃት። የገዛ ልጁን ለማነጋገር እንቢ ያለ አባት ተቃውሞው አይያዝለትም ብለው አጋቧቸው።»

«እጇን ይዞ ማን አስገባት?»

«ጎረቤታችን። አለቀሰች እኮ። እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ታይ ነበር።»

ጠባቂው «ሰዓት አልቋል!» አለ። የሸሚዜን ቁልፎች ቆለፍኩ፤ ሁለቱ ወልቀዋል፣ ያሉትን ቆለፍኩ። እጄን ወደ ሽቦው ዘርግቼ ጮክ ብዬ መረቅኩ። ጌታ ቤታችሁን ያቁም፣ ልጅ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባልሽ ልጄ ነው አልኩ።

«ፓስተር፣ ሙሽራዋ የታለች?» ብሎ ጠባቂው ሳቀ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ከቆርቆሮው ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ «አሜን» አለ። ሚስቴም ቆይታ «አሜን» አለች። ጠባቂው ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ አልተንቀሳቀስኩም። ጨርሼ ነው የገባሁት።

ከተፈታሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሽማግሌውን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ልጄ አልተቀየመችኝም። ምርቃቱን እናቷ ቃል በቃል ነግራታለች። ባሏም «አባ» ይለኛል፤ እንዲህ ሲለኝ ግን አሁንም ፊቱን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

በቅርቡ ቤቷ ስሄድ ከግድግዳው ላይ የሰርጉ ፎቶ የለም። ጎረቤታችን በእኔ ቦታ የቆመበት ፎቶ ነው።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«አቧራ ልጠርግለት አውርጄው ነው፣ አባዬ።»

ውሸት አይሆንላትም። ያወረደችው ለእኔ ብላ ነው። መልሳ እንድትሰቅለው ነገርኳት፤ ሰቀለችው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ምሳዬን በላሁ።