ለአጎቷ የቀመመችው ፕላቲኒየም

ፋርማሲስቷ የካንሰር መድኃኒት የምትቀምመው በመስታወት ካቢኔ ውስጥ፣ ድርብ ጓንት አጥልቃ ነው። ከሁሉም አብልጣ የምታምነው ሲስፕላቲንን ነው። በመሃሉ አንድ የፕላቲኒየም አቶም አለ፤ የካንሰር ሴል ውስጥ ሲገባ የያዛቸውን ክሎሪኖች ይጥልና ዲኤንኤውን ጨምድዶ ይይዘዋል። የተያዘ ሴል መባዛት ያቅተዋል። ጆሮን እንደሚጎዳም ታውቃለች።

ያሳደጋት አጎቷ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሣጥኑን ሳይከፍት ብልሽቱን በድምፁ ስለሚለይ ሠፈርተኛው «ጆሮው» ይለዋል። ታሞ በሲስፕላቲን ሕክምና ሲጀምር ነርሷ የመድኃኒቱን ጉዳቶች ልትነግረው ስትል፣ ፋርማሲስቷ «ተይው፣ እኔ ቤት እነግረዋለሁ» አለቻት። ማቅለሽለሹን፣ ድካሙን፣ ኩላሊቱን ነገረችው። የጆሮውን ዘለለችው፤ እምቢ ቢልስ ብላ ፈራች። ሌሎቹን ሕመምተኞች ግን «ጆሮህ ጭው ካለ ዛሬውኑ ንገረን» የምትለው ራሷ ነበረች።

ከሁለተኛው የሕክምና ዙር በኋላ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ አብራው ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ ደንበኛ ትናንት የወሰደውን ራዲዮ ታቅፎ ተመለሰ።

«ጆሮው! ይሄ ያፏጫል እኮ። ጆሮህን አይጥ በላው እንዴ?»

አጎቷ ከፈተውና አስጠግቶ አዳመጠ። «ምኑ ነው የሚያፏጨው? ሰውዬ፣ አንተው ታከም።»

ፉጨቱ ለእሷ እንደ መርፌ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። ደንበኛው ፍረጂን በሚል ዓይን አያት፤ እሷ መሬት መሬት አየች።

ሰውየው ራዲዮውን ትቶ እንደወጣ፣ «ያፏጫል፣ ጋሼ» አለች። «መድኃኒቱ ነው። አውቅ ነበር።»

አጎቷ ራዲዮውን ዘጋ። «ጭው ሲልብኝ እኮ ድካም ነው ብዬ...» ቀና ብሎ አያት። «እንዳልፈራ ነው ያልነገርሽኝ?»

«እምቢ እንዳትል።»

«እወስደው ነበር። መኖር ማን ይጠላል? ግን ጭው ያለብኝ ቀን እናገር ነበር።»

በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ወሰደችው።

ሐኪሙ ጆሮውን አስመርምሮ መድኃኒቱን ለጆሮ ቀለል በሚለው ሌላ የፕላቲኒየም ውህድ፣ በካርቦፕላቲን፣ ቀየረለት። የጠፋው የመስማት ኃይል ግን እንደማይመለስ አልሸሸገውም።

በሕክምናው ቀን ነርሷ ስትመጣ ፋርማሲስቷ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። አጎቷ ያለ ቁጣ፣ «አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ የኔ ልጅ» አላት። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረ። «ሁሉንም ንገሪኝ። አንድም እንዳይቀር።»

በኮሪደሩ ወደ መቀመሚያው ክፍል ስትሄድ ድምፁ ከኋላዋ ደረሰባት፤

«ጮክ በይልኝ እስቲ፣ እህቴ።»