የወንድም ጋሼ ጢም

ቡላ ሲፈላ ለሌላው ሰው ገንፎ ገንፎ ይሸተዋል፤ ለእኔ የሚሸተኝ ሙጫ ነው። ክረምት ወጥቶ ግድግዳዬ ላይ ያለው የድሮ የሲኒማ ፖስተር ጥግ ጥጉን መላቀቅ ሲጀምር፣ ቀጠን ያለ ቡላ አፍልቼ በጣቴ እየቀባሁ መልሼ አጣብቀዋለሁ። ሚስቴ «ከእኛ ይልቅ ይኼ ወረቀት ጠገበ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እስከ ዛሬ የበላው ቡላ ዲላንና ጎረቤቷን ጪጩን ዓመት ይቀልባል።

ፖስተሩ የተሳለው ጣሊያን ዲላ ሳለ ነው። ያኔ ገበያው ዳር አቡጀዲ ወጥረው ሲኒማ ያሳዩ ነበር። ማስታወቂያውን በእጁ የሚስል አንድ ጣሊያን ነበራቸው፤ መንገድ ሲሄድ መጀመሪያ ሆዱ ይደርስና ራሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከተላል። ታላቄ ወንድም ጋሼ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በጣሊያኖቹ በረት ፈረስ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሠዓሊው ፈረስ እንደያዘ አቁሞ ሳለው፤ ፈረሱ ላይ ደግሞ ባለ ባርኔጣ ወይዘሮ ጨመረበት።

የዚያን ዕለት ወንድም ጋሼ ቤት ሲገባ ሳቁ ከደጅ ይሰማ ነበር።

«እማዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ እብድ ነው! በከሰል ይነድፍና ሲሳሳት በዳቦ ልብ ይፈትገዋል፤ ከሰሉ ድራሹ ይጠፋል። ለሰው የነፈገውን ዳቦ ወረቀት ያበላዋል!»

ፖስተሩ ገበያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ፣ እኔ ከምድጃ ከሰል ይዤ ሄድኩ። ዕድሜዬ አሥራ አንድ፣ ተንኮሌ የመቶ ዓመት ሽማግሌ። ለወይዘሮዋ ጢም አወጣሁላት። ለፈረሱም። ለወንድም ጋሼም ሳልኩለት፤ ለሱ ግን አሳምሬ፣ ከሰሉን ጫን እያደረግሁ። በየጠዋቱ በመስታወት ስባሪ የላይ ከንፈሩን እየፈተሸ «በቅሏል አልበቀለም?» ይለኝ ነበርና። «ከአንተ የእማዬ ይሻላል» ነበር መልሴ። እንግዲህ ስዕሉን አይቶ ጆሮዬን እስኪቆነጥጠኝ ጠበቅሁ።

አላየውም። በማግስቱ ተያዘ። በገብስ ጆንያ ጥይት ደብቆ ጫካ ላሉት አርበኞች ሲያወጣ ነው አሉ። በገበያ ቀን ሰቀሉት። እዚህ ላይ፣ ወዳጄ፣ የማጋንነው የለኝም።

ሬሳውን ከለከሉን። ሬሳ የሌለው ሰው በልብሱ ይለቀስለታል፤ ልብሱም አብሮት ሄደ። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም።  በአራተኛው ቀን እማዬ «ያ ስዕል፣ ዝናብ ሳይጨርሰው» አለች።

የጣሊያን ማስታወቂያ መንካት ያስገርፍ ነበር። ቀትር ላይ ዶፍ ወረደና ገበያተኛው፣ ዘቡም ጭምር፣ ጣራ ሥር ሲሸሽ እማዬና እኔ ግድግዳው ሥር ቆምን። ውሃው ሙጫውን አርሶታል። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ በጥፍራችን ፈልቅቀን አወረድነው። በሁለት የእንሰት ቅጠል መሐል ጠቀለልነውና እንደ ቆጮ በጀርባዋ አዝላው ገባች።

ስንዘረጋው ሦስት ቦታ ተቀዷል። ቡላ አፈላች፤ ነጠላዋን መደገፊያ አድርጋ ከሥሩ አነጠፈች። ቅዱን በጣቷ እያገጣጠመች ስትለጥፍ ቁስል የምታጥብ ትመስል ነበር። ደረቅ ሲል ጢሞቹን አየች፤ ዝናቡ አደበዘዛቸው እንጂ አልወሰዳቸውም።

«ማነው በልጄ እንዲህ የቀለደበት?»

እኔ፣ ምላሴ ከዲላ እስከ አሪቻ የሚደርሰው፣ ለእራት የተቀመጠችውን ቁራሽ ዳቦ ልቧን አወጣሁና መፈተግ ጀመርኩ። የወይዘሮዋ ለቀቀ። የፈረሱም ለቀቀ። ዳቦው እንደ ከሰሉ ጠቆረ፤ እንባዬም ሥዕሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴን አጣምሜያለሁ። እጄ ወንድም ጋሼ ከንፈር ላይ ሲደርስ እማዬ አንጓዬን ያዘችኝ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ያወቀች ይመስለኛል።

«ተወው» አለች። «ቢኖር፣ ይኼኔ ያበቅል ነበር።»

እማዬም ካለፈች ዓመታት ሆኑ። በየዓመቱ ቡላዬን ቀብቼ ስጨርስ ከምድጃው አንዲት ከሰል አነሳለሁ። የእኔ ጢም ከሸበተ ቆየ፤ የሱ እንዳይደበዝዝ ነው።