የወንዱ ግልገል ጆሮ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለእናንተ ስናገር፣ በዚያ ቀን ማን የት ቆሞ እንደነበር በማስታወስ ልጀምር።

ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር፣ የሴቶች ማኅበራችን ከሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ነበርን። ሊቀመንበሯ ዘሃራ፣ ባለሱቋ፣ ግንዱን ተደግፋ ቆማለች። ፍየል የሰጠን ድርጅት የላከው የእንስሳት ባለሙያ ከሞተር ሳይክሉ አጠገብ ነው። ሴቶቹ ጥላውን ተሻምተው ተኮልኩለዋል። ብርቄ ከሁሉም ኋላ፣ ልጇን አዝላ ፀሐይ ላይ ቆማለች። እኔ መሀል ነበርሁ፤ በእጄ በቅጠል የተጠቀለለ የግልገል ጆሮ ይዤ።

ድርጅቱ ለጥቂቶቻችን አንዳንድ እንስት ፍየል ሰጥቶን ነበር። የተቀበለች ሴት መጀመሪያ የምትወለደውን ሴት ግልገል ጡት ስትተው ለባለተራዋ ታስተላልፋለች፤ ያችም በተራዋ ለሌላ። ወንዱ ለባለቤቷ ይቀራል። ግልገል ከሞተ ደግሞ ጆሮው ተቆርጦ ለማኅበሩ ይቀርባል። ይህን ደንብ ያወጣነው እኛው ነን፤ በቆላው በሽታም ጅብም ግልገል ይፈጃል፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጆሮ ግን ወንድና ሴት አይለይም። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። እኔ አሰብሁት።

ፍየሌ መንታ ወልዳ፣ ጡት በሚተዉበት ሰሞን ወንዱ ሞተ። የወንዱን ጆሮ ቆርጬ፣ የሞተችው ሴቷ ናት አልሁ። ሴቷን ሽንፋ ላለው ልጄ ልኬያት ነበር። ስለ ወንዱ ሲጠይቁኝ፣ «ለምራቴ ላክሁት፣ አራስ ናት» አልሁ።

ዘሃራ ጆሮውን ገልጣ አየችና፣ «ሞትም የማኅበራችን አባል ሆነ እንዴ? እንግዲያስ መዋጮውን ይክፈላ!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት አስቻለኝ?

ብርቄ አልሳቀችም። ባለተራዋ እሷ ነበረች። ከሱዳን ከተመለሰች ገና ነው፤ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ከልጇ በቀር ምንም ሳትይዝ መጣች። «ፍየሏን ካገኘሁ በኋላ ወደ ማዶ አልመለስም» ትል ነበር። ለግልገሏ ከቀርቀሃና ከእሾህ ጉረኖ ሠርታ ጨርሳለች።

ከስብሰባው በኋላ አንድ እቅፍ ለምለም ቅጠል ይዛ ቤቴ መጣች። «እታለም፣ እባክዎ አይዘኑ። ለእኔዋ የሰበሰብሁት ነበር፤ እናቲቱ ትብላው። እሷም እኮ ሐዘንተኛ ናት» አለችኝ። ቅጠሉን በእጇ እያጎረሰች ፍየሏን ታሻሽ ጀመር። ልጇ ከጀርባዋ ሆና የፍየሏን ቀንድ ለመያዝ ትንጠራራለች። እወዳቸው ነበር። መውደዴ ምን ጠቀማቸው?

አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጄን ሰበብ አላደርጋትም። ልጄ ሰሊጥ አምራች ነው፤ ፍየል አልቸገረውም። ከእኔ እጅ የሆነ ነገር እንዲደርሰው ፈለግሁ እንጂ። ማኅበሩም ድርጅቱም ያመኑኝ እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤቴ የሚጎበኝ እኔ፣ ከብርቄ ቀማሁ። ከብርቄ ቀጥላ ከምትጠብቀውም፣ ከዚያችም ቀጥላ ከምትጠብቀው ቀማሁ። ይቅርታ ብጠይቅ ማን ይሰጠኛል? ልትሰጠኝ የምትችለው ብርቄ ብቻ ናት።

ብርቄ የሌላ ሴት ፍየል እስክትወልድ መጠበቅ አልቻለችም። የሰሊጥ አጨዳው አብቅቶ የቀን ሥራ ሲጠፋ፣ ልጇን አዝላ ልትሰናበተኝ መጣች። ወደ ድንበሩ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሄደው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ትከሻዋን ያዝሁ።

«እታለም፣ እርስዎ ለእኔ እናቴ ነዎት። ይመርቁኝና ልሂድ።»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር ትቀር ነበር። አፈርሁ፤ ዋጥሁት።

«በሄድሽበት ይቅናሽ። በሰላም ይመልስሽ» አልኋት።

«አሜን» አለች። የልጇን አንቀልባ አጥብቃ መኪናው ላይ ወጣች፤ ሄደች።