ለውሻው የጣልኩት ሳንባ

ባለቤቴ ጸዳለ ከአሊዩ አምባ ገበያ ስንመለስ አቀበቱ መሐል ቆመች። «ቀኝ ዳሌዬን ወጋኝ» አለች። የአንኮበርን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ደክሟት ነው ብዬ ሸክሟን ተቀበልኳትና መንገዳችንን ቀጠልን። ያ የመጀመሪያው ምልክት ነበር።

ክረምቱን እያነከሰች ከረመች። አንዱ ነርቭ ነው አለ፣ ሌላው ብርድ። ታሸች፤ ጠበልም ተጠመቀች። በኋላ ደብረ ብርሃን ሄደን ራጅ ስትነሣ የዳሌ አጥንቷ ተቦርቡሮ ተገኘና ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እኔ ካንሰር ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በቀዶ ሕክምና ሲከፍቱት ግን ከአጥንቱ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ወጡ። ሃይዳቲድ ይባላል፤ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ የውሻ ትል የሚያመጣው ነው።

«ኮሶ ሆድ ውስጥ እንጂ አጥንት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበር።

«ቤትዎ በግ ያርዳሉ? ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲያገኙ ምን ያደርጉታል?» አለኝ።

ለውሻው ነዋ። በሰፈራችን በዓል በመጣ ቁጥር ቢላዋ የምይዘው እኔ ነኝ። የተበላሸ ሥጋ ለሰው አላበላም ብዬ እኮራ ነበር። ለካ ውሃ በቋጠረው ሳንባ ውስጥ ያለው ትል ውሻው ሆድ ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፤ ከዚያ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳኝ ጸዳለ ተኝታ ነበር። አልነገርኳትም። ፈራሁ።

አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ለወራት ዋጠች። በሽታው ተመለሰ። አጥንቷ ሊሰበር ደረሰ። መራመድ አቃታት። ያኔ ሐኪሙ የጨረር ሕክምናን አነሣ።

«ለዚህ በሽታ የተለመደ ሕክምና አይደለም፤ የተሞከረው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ጉዳትም ሊኖረው ይችላል» አለን።

ጸዳለ «በእግሬ ልሂድ እንጂ ይሞከር» ብላ ፈረመች።

ጨረሩ ሲሰጥ አያምም። ጥቂት ደቂቃ ትተኛለች፣ ትወጣለች። ቆዳዋ ጠቆረ። ምግብ አስጠላት። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የእጄን ሥራ አስብ ነበር።

ከወራት በኋላ በተነሣችው ኤም አር አይ ከረጢቶቹ እንዳላደጉ ታየ፤ ጸዳለም መጀመሪያ በሁለት ምርኩዝ፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ኋላም ክንዴን ይዛ እስከ ጎረቤት ደጅ መሄድ ጀመረች። በሽታውን ያቆመላት ጨረሩ ይሁን፣ ቀዶ ሕክምናው ይሁን ወይስ መድኃኒቱ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አልነገረንም፤ እኔም ጨረር አዳናት ብዬ አልመሰክርም። ክትትሉ ዛሬም አልተቋረጠም።

አንድ ቀን ጎመን ስትቀነጥስ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ሳንባውን አንተ ጣልህ እንበል፤ ጉበቱንስ ለቡችሎቹ ከትፌ ሳበላ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ያከሟትን፣ ያላወቁትንም አናውቅም ያሉንን ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጥልን። እናንተም የማይለቅ የዳሌ ሕመም ካለ በመታሸት ጊዜ አታጥፉ። ጨረር ይሞከር ከተባላችሁ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ጠይቁ። ለውሻችሁ ከእንስሳት ሐኪም የትል መድኃኒት ውሰዱለት፤ እሱን ነክታችሁ ሳትታጠቡ አትብሉ። የተበላሸውን ሳንባና ጉበት አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ እንዳያወጣው አድርጋችሁ ቅበሩት። በበዓል ቢላዋ የምይዘው አሁንም እኔ ነኝ። ጉድጓዱን ስቆፍር ጸዳለ አጠገቤ ትቆምና «ገና ነው፤ ጨምር» ትለኛለች።