«አሳዳጊ የበደላት ናት» ያልኩባት ልጅ

ይህን ነገር ከአፌ ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። ጾም በገባ ቁጥር ነፍስ አባቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የጫት ምርቃናዬን ሁሉ እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። እርስዎ እኔን አያውቁኝም፣ እሷንም አያውቋትም። ለእርስዎ መናገሩ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። መቅለሉም ያሳፍረኛል።

እዚህ ጅቡቲ ብዙ ዘመን ትራንዚተር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከወደብ ለሚወጣ የአገራችን ዕቃ ሰነድ አዘጋጅ ነበር። ከዚያ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣና እኔ ግማሽ ቀን የምለፋበትን ሰነድ ሻይ ሳይበርድ ይጨርሰው ጀመር። በቃህ ተባልኩ። በዚህ ሙቀት ሥራ ፈትቶ መቀመጥን የቀመሰ ያውቀዋል። ኋላ ላይ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራየሁና የአገሬን ልጆች ማስተማር ያዝኩ። ምን? ማሽን የማይችለውን። ሰው ማዳመጥን፣ የተቆጣን ማብረድን፣ ቀጣሪ ፊት ቀርቦ ራስን ማስተዋወቅን። «እንጀራችሁን የሚያድንላችሁ ሰው መሆናችሁ ነው» እላቸው ነበር።

ትምህርቱን ግን ማን አዘጋጀው? እኔ? አይደለሁም። ያንኑ ከሥራ ያስወጣኝን ማሽን ጠየቅሁት፣ ጽፎ ሰጠኝ፣ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ቀጣሪ ሲገባ ሳትደናገጡ ተቀመጡ፣ ቀድማችሁ እጃችሁን ዘርጉ፣ ዓይን ዓይኑን እዩ፣ ችሎታችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ ይላል። ልጆቼን የሚቀጥረው ማን እንደሆነ ማሽኑ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ደክሞኝ ነበር ልበል? ሁሉም ሰው ይደክመዋል።

ሰዓዳ የባቲ ልጅ ናት። ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚውሉበት ሻይ ቤት ትሠራ ነበር። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ሰንብቶ ደሙ የፈላ ሾፌር በአማርኛ ቢሳደብ በአማርኛ፣ በአፋርኛ ቢጮህ በአፋርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አብሽር ወንድሜ፣ ተቀመጥ» ትለዋለች። ይቀመጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለችን ልጅ እኔ ምን ላስተምራት ነበር? እሷ ግን ደህና ሥራ ፈልጋ መጣች። ጓደኞቿ ባሕሩን ተሻግረው የመን ሊገቡ ሲነሱ «ለእናቴ ምዬላታለሁ፤ እዚሁ ሥራ ካገኘሁ አልሄድም» ብላ የቀረች ናት። ሥራውን ካጣች የት እንደምትሄድ አውቅ ነበር።

ትምህርቱ ከበዳት። «መምህር፣ ለማላውቀው ሽማግሌ ወንድ እንዴት ቀድሜ እጄን እሰጣለሁ? ዓይኑን ማየቱስ ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ሳቅሁባት። «ወደኋላ ያስቀረን እኮ ይሄ ነው» አልኩና በልጆቹ ፊት ደጋግሜ አለማመድኳት። ባቀረቀረች ቁጥር ቀና በይ እላታለሁ። ማሽኑ አላስገደዳትም። እኔ ነኝ።

ጋሽ ታደለ የሚባሉ፣ የጭነት መኪናዎች ያሏቸው አዛውንት አሉ። የሾፌሮቻቸውን ስልክ የሚመልስ ማሽን አስገብተው ሾፌሮቹ በስድብ አጠገቡት። «ሰው ፈልግልኝ፣ ልጅቷ ከተስማማችኝ ወደፊትም ካንተ ነው የምወስደው» አሉኝ። ሰዓዳን ይዤ ሄድኩ፤ እሷ ቢሮ ገባች፣ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ጋሽ ታደለ ሲገቡ ከወንበሯ አልተነሳችም። እጇን ቀድማ ዘረጋች። ትክ ብላ እያየቻቸው «ሰው ማረጋጋት እችልበታለሁ፤ ከእኔ የተሻለ አያገኙም» አለች። አንድም ነገር ሳታጎድል ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ጋሽ ታደለ ደግሞ እንደ አባቶቻችን ናቸው፤ እሳቸው ሲገቡ ብድግ ያላለ፣ ራሱን በአፉ ያሞገሰ ልጅ ከዚያ ወዲያ ቢናገር አይሰሙትም። ወዲያው አሰናበቷትና እኔን ጠሩኝ።

«አንተ፣ ይሄን ነው የምታስተምረው?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። «አዎ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷስ ጨዋ ናት» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? የሚቀርብኝ ታየኝ እንጂ፤ ባዶው ክፍል፣ እንደገና ሥራ ፈትቶ መቀመጡ። «ኧረ እኔ እንዲህ አላስተማርኳትም» አልኩ። ምነው በዚህ ባበቃሁ። «አሳዳጊ የበደላት ናት መሰለኝ» አልኩ። እኔ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በሩ እንኳ ሳይዘጋ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «መምህር፣ እናቴ ምን አደረገችዎት?» ብቻ አለችኝ። ደረጃውን ወርዳ ስትሄድ ቆሜ አየኋት። በማግሥቱ ተመልሼ ለጋሽ ታደለ እውነቱን መንገር እችል ነበር። ዛሬ ነገ አልኩ። ይባስ ብዬ ሌላ ልጅ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ይቺኛዋን ሲገቡ ተነሺ፣ አንገትሽን ድፊ ብዬ አስጠንቅቄ። ተቀጠረች። ከጋሽ ታደለ ጋር ዛሬም እንስማማለን።

ጥቂት ቆይቼ ትሠራበት የነበረው ሻይ ቤት ጎራ ስል የቤቱ ባለቤት ሴትዮ «ሰዓዳማ የመን ከሚሻገሩ ልጆች ጋር ባሕሩ ዳር ኦቦክ ወረደች፤ ከዚያ በጀልባ ተሻግረዋል አሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም።

አንድ ቀን ከባቲ ስልክ ተደወለልኝ። እናቷ ናቸው። ሰዓዳ ቁጥሬን ሰጥታቸው ኖሯል። እኔን ማስቸገራቸው አሳፍሯቸው፣ የልጃቸው ስልክ አልሠራ እንዳላቸው በቀስታ ነገሩኝ። «ሥራ አግኝታ ይሆን መምህር? ሥራ በዝቶባት ይሆን?»

«ይሆናል፣ እናቴ» አልኩ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

እፎይ ሲሉ በስልኩ ሰማኋቸው። ከዚያ መረቁኝ። «ልጄን እንደ ልጅዎ አድርገው አስተማሩልኝ፤ አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎት» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ይቅርታው የእርስዎ አይደለም። ፈርቼ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር ብዬም አላመካኝም። ያንን ትምህርት ትቼዋለሁ፤ መተዌ አሁን ለማን ይጠቅማል? እናቷ ግን አሁንም ይደውላሉ። ትናንትም ደውለው ነበር። ስልኩ በእጄ ነበር፤ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ጠበቅሁት።